ራሱን የሚነዳ ቬንቲሌተር

ሰሞኑን ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ ነገር ቢኖር ቬንቲሌተር ነው። አዎ፣ ያው ሲሞቀን የምንከፍተው። አርቲስቱ ኦላፉር ኤሊያሰን በፈረንጆቹ 1997 አንዱን ከጣሪያ ላይ በረጅም ገመድ አንጠልጥሎ ለቀቀው፣ የጥበብ ስራው ይሄው ነው በቃ። አየሩን ወደፊት ሲገፋ አየሩም መልሶ እሱን ስለሚገፋው ክፍሉ ውስጥ እንደ ሰከረ ሰው ወዲያ ወዲህ ይንገዋለላል፣ ቀጥሎ የት እንደሚሄድ መገመት አይቻልም፣ ጭንቅላትህን ካልጠበቅክ ይመታኛል ብለህ ጎንበስ ትላለህ።

በማግኔት ይሰራ የነበረው ደግሞ ግሪካዊው ቀራፂ ታኪስ ነው፣ ለኔ እንደውም እሱ ይበልጣል። ሚስማር ወይ መርፌ በቀጭን ሽቦ ያስርና ወደ ማግኔት ያስጠጋው ነበር፣ ሊነካው ትንሽ ሲቀረው ሽቦው ይዞ ያስቀረዋል፣ እና አየር ላይ ተወጥሮ ይቀራል። ቅርፁ ብረቱ ሳይሆን ያቺ ባዶ ክፍተት ናት ባይ ነኝ።

እኔም አላስችል ብሎኝ ከፍሪጅ በር ላይ ማግኔት ነቅዬ በመርፌና በክር ሞከርኩት። ግማሽ ሰዓት ታገልኩ፣ ወይ ጥብቅ ይላል ወይ ይወድቃል፣ በስንት መከራ አንዴ ቀጥ ብሎ ቆመና ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ፎቶ ላነሳው ስልኬን ሳወጣ፣ ጠብ።