ዜሮ ያመጣው ትምህርት ቤት ውስጥ የተቀመጠው ማን ነው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ፖስት ይዘዋወራል፤ "አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች" የሚል። ከስሩ ያለውን ኮመንት ታውቁታላችሁ። መምህሩ ሰነፍ ነው፣ ልጁ ቲክቶክ ላይ ነው፣ ትውልዱ ጠፍቷል፣ በቃ።

እኔ የማስተምረው እንደዚያ ዓይነት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ወሎ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብላ ያለች ከተማ፣ ትንሽ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ። ስሙን አልጠራውም፤ ብጠራውም አታውቁትም።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንነጋገር። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከተዛወረ በኋላ የ2014 ተፈታኞች 896,520 ነበሩ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ። በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። 2016 ላይ 5.4፣ 2017 ላይ 8.4 በመቶ ደረሰ። ኩረጃው ሲዘጋ ጉዱ ወጣ የሚሉት ልክ ናቸው፣ እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ድሮ በሞባይል መልስ ሲዞር የነበረበትን ዘመን የሚናፍቅ መምህር ካለ እሱ ጋር ቡና አልጠጣም።

ግን አንድ ቀላል ሂሳብ ልሥራላችሁ። 40 ተፈታኝ ያለው ትምህርት ቤት አስቡ። ከመቶ 3.2 የሚያልፍ ከሆነ ከ40ው የሚጠበቀው አንድ ልጅ፣ ቢበዛ አንድ ከምናምን ነው። ስለዚህ ያ ትምህርት ቤት ልክ የአገሪቱን አማካይ ያህል ቢሆን እንኳ፣ በዕድል ብቻ፣ ከአራት ዓመት በአንዱ ዜሮ ያመጣል። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጎበዞች ይገጥሙትና 5 በመቶ ይሆናል፤ ከአገር አማካይ በላይ! ወረዳው ሰርተፊኬት ይሰጠዋል፣ ርዕሰ መምህሩ ልምድ ያካፍላል። በመሃል ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ መምህሩም ያው፣ ወንበሩም ያው። ከሺህ በላይ ልጅ ያስፈተነ የከተማ ትምህርት ቤት ዜሮ ካመጣ እዚያ ጉድ አለ ማለት ነው። የትንሹ ዜሮና የትልቁ ዜሮ አንድ አይደለም፣ ዝርዝሩ ላይ ግን ተደርድረው ይወጣሉ።

ደግሞ "ዜሮ" ማለት ሁሉም ባዶ እጁን ቀረ ማለትም አይደለም። ግማሽ ባያመጡም በሪሚዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት ገብተው ዛሬ ዲግሪ የሚማሩ የዜሮ ትምህርት ቤት ልጆች አሉ።

እንግዲህ ይሄን ስል ደህና ነን እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ደህና አይደለንም። ፊዚክስ መምህር ተዛውሮ ሄዶ ሌላ እስኪመጣ ሴሚስተሩ የሚጋመስበት ጊዜ አለ። ላብራቶሪያችን የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ነው። ፕላዝማው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አብዛኛውን በአማርኛ ተምሮ ይመጣና ዘጠነኛ ላይ ሁሉም ነገር በአንዴ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል፤ የባዮሎጂ ጥያቄ ሲሳሳት ባዮሎጂውን ይሁን እንግሊዝኛውን ያልገባው መለየት አይቻልም።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ያለው ሮስተሩ፣ የተማሪዎቹ ስም የሚሰፍርበት መዝገብ ላይ ነው። የዘጠነኛን ሮስተር ከአሥራ ሁለተኛው ጎን አስቀምጡና እዩት። ዘጠነኛ ላይ ሴቶቹ ከወንዶቹ ብዙም አያንሱም። ወደ ላይ ስትወጡ "አቋርጣለች" የሚል ቀይ እስክሪብቶ እየበዛ ይመጣል። አንዷ ተድራለች፣ አንዷ ዓረብ አገር ሄዳለች፣ ወንዱ በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ ልገባ ብሎ ወጥቷል። የቤተሰብ ሥራ የሚለው ዓምድ ላይ ገበሬ፣ ገበሬ፣ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ገበሬ። (የትውልድ ቀን የሚለውን አትመኑት፤ መስከረም 1 ቀን ያልተወለደ ልጅ ያለ አይመስልም።)

ሌላ የሚሄዱም አሉ። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ደሴ ዘመድ ካለው አሥራ አንደኛን እዚያ ይማራል፤ በጣም ጎበዙ ተፈትኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል። ለልጁ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። ሲያልፍ ግን የሚቆጠረው ለእነሱ ነው። ማለፍ የሚችለውን ሰጥተን በቀረው እንለካለን። በተጨማሪ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህ ድሮ እዚያ ላይ ወደ ሙያ ትምህርት የሚታጠፈው ልጅ አሁን ቀጥ ብሎ አሥራ ሁለተኛ ይደርሳል። ይሄ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን የዛሬውን በመቶኛ ከድሮው ጋር የሚያወዳድር ሰው ይሄን መርሳት የለበትም።

ከቀሩት ደግሞ ብዙዎቹ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። አርብ ስንቅ ለማምጣት ወደ ገጠር ይሄዳሉ፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ጥለው ይወጣሉ፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ እንጀራና በሶ ተሸክመው፣ እግራቸው አቧራ ለብሶ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ ይደርሳሉ። ሴቶቹ ውኃውም ወጡም የእነሱ ነው፤ ከወንድማቸው ጋር የተከራዩት ደግሞ የሱንም ሸሚዝ ያጥባሉ። "ለምን አላጠናሽም?" ብላችሁ ስትጠይቋት ዝም ትላለች። ምን ትበል?

አንድ ቀን የክፍል ኃላፊ ሆኜ የቀሪ መቆጣጠሪያውን ሳገላብጥ ያየሁት ነው ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ። የአንዱ ክፍል ሂሳብ ሰኞ መጀመሪያ ክፍለ ጊዜ፣ አርብ ደግሞ መጨረሻ ላይ ወድቋል። የተከራዩት ልጆች ሁለቱንም የሉም! ሴሚስተሩን ሙሉ። ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ክፋት የለውም፤ የመምህራኑን ክፍለ ጊዜ እንዳይጋጭ አደረገ እንጂ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ የሚነግረው ወረቀት አልነበረውም።

ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚይዘው ወረቀት ላይም እንዲሁ ያለው በመቶኛ ብቻ ነው። እኔ ብሆን ከጎኑ ሦስት ዓምድ እጨምር ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት ዘጠነኛ የገቡት ስንት ነበሩ፣ ከእነሱ ስንቶቹ ተፈተኑ፣ ከተፈተኑት ስንቱ ተከራይቶ የተማረ ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ የአንድ ዓመት ውጤት ይቅርና የአምስት ዓመቱን ደምሩና እዩ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ መረጃው መዝገብ ቤት ቁጭ ብሏል።

ፕሮግራሙን ቀይረነዋል። ሂሳብና ፊዚክስ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ገቡ፤ ሰኞ ጠዋትና አርብ ከሰዓት ላይ ስፖርትና የመሳሰሉት ሆኑ። ሂሳብ ክፍል ውስጥ ባዶ ዴስክ ቀንሷል፣ ይሄ በዓይን ይታያል። ውጤት ላይ ምን አመጣ ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፤ በ40 ልጅ ምንም ማለት እንደማይቻል አሁን ነገርኳችሁ። የስፖርት መምህራችን እስካሁን አኩርፎኛል፤ ሰኞ ጠዋት ኳስ ይዞ ግማሽ ክፍል ይጠብቃል።