ስም ያጡ ሳጥኖች፦ አንድ ገጽ በክሮም 109፣ በፋየርፎክስ 115 እና በኦፔራ ሚኒ

ችግሩ መጀመሪያ የታወቀው በገጹ መልክ ሳይሆን በቁጥር ነው። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የማዳበሪያ ፍላጎት ከየወረዳው በኢንተርኔት ገጽ እንዲሞላ አድርጎ ነበር። ሠንጠረዡ አራት ዓምድ ብቻ አለው፦ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ኤን ፒ ኤስ በኩንታል፣ ዩሪያ በኩንታል። የተላከው ሲደመር ግን ከመንዝ በኩል በመጡ አንዳንድ ቀበሌዎች ሁለቱ ማዳበሪያዎች ከአምናው አኃዝ ጋር ሲተያዩ ቦታ የተለዋወጡ ይመስሉ ነበር። መረጃ የምታሰባስበው ሠራተኛ መሐል ሜዳ ደወለች።

«ጋሼ፣ ዩሪያውን የትኛው ሳጥን ላይ ነው የጻፉት?»

«እኔ ጋ ሳጥኖቹ ስም የላቸውም እኮ፣ ልጄ። አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድረው ነው የሚታዩኝ። ይሆናል ባልኩት ሞላሁት።»

ይህ ንግግር ሳይናቅ መያዙ ትልቅ ነገር ነው። የገጽ መልክ መበላሸት ብዙ ጊዜ የውበት ጉዳይ ተደርጎ ወደ ኋላ ይገፋል። እዚህ ግን ስህተቱ ሳይያዝ ቢያልፍ ለዘር ኤን ፒ ኤስ የሚጠብቅ ገበሬ ዩሪያ ሊላክለት ነበር።

ደብረ ብርሃን ገጹን የሠራው ዴቨሎፐር ሲከፍተው ምንም እንከን የለውም። ሸዋ ሮቢት ላይ በፋየርፎክስ ሲከፈት ዓምዶቹ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ነገር ግን የሠንጠረዡ መስመሮች ጠፍተው ቁጥርና ቁጥር ተጣብቋል። ዓለም ከተማ ላይ በስልክ በኦፔራ ሚኒ የከፈተችው ባለሙያ ደግሞ ሁሉም ነገር ከላይ ወደ ታች አንድ ረድፍ ሆኖባታል። ከአረርቲ የመጣው ፎቶ ከነዚህ ከሁሉም ይለያል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ቶሎ የሚደርስበት ሐሳብ «እያንዳንዱ ብራውዘር የራሱን ስለሚያደርግ ለየብራውዘሩ ማስተካከያ እንጻፍ» የሚል ነው። ይህ መንገድ መጨረሻ የለውም። የብራውዘሩን ስም አንብቦ ልዩ ደንብ የሚጨምር ኮድ በሚቀጥለው ቨርዥን ራሱ ሌላ ብልሽት ይሆናል። መጠየቅ ያለበት ብራውዘሩ ማን እንደሆነ ሳይሆን ኮዱ የሚፈልገው ነገር በዚያ ቨርዥን ውስጥ መኖር አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከየቦታው አምስት ነገር ተጠየቀ፦ የብራውዘሩ ስምና ቨርዥን፣ ዊንዶውሱ ስንተኛ እንደሆነ፣ የስክሪኑ ስፋት፣ የዙሙ መጠን በመቶኛ፣ እና የሙሉ ስክሪን ፎቶ። ይህን በስልክ እየጠየቁ መልቀም አድካሚ ስለሆነ ከገጹ ግርጌ «ስለዚህ ኮምፒዩተር» የሚል አንድ መስመር ተጨመረ። መስመሩ በጃቫስክሪፕት የብራውዘሩን መለያ ጽሑፍ፣ የመስኮቱን ስፋት በፒክሰልና የፒክሰል ምጣኔውን (አንድ የገጽ ፒክሰል ስንት የስክሪን ፒክሰል እንደሚይዝ) ያሳያል። ይህች ቁራጭ ኮድ የግድ በድሮው አጻጻፍ መጻፍ አለባት። አዲስ አጻጻፍ ከተጠቀመች፣ ልንመረምረው በፈለግነው አሮጌ ብራውዘር ላይ እሷም አትሠራም። መለያ ጽሑፉን ለሚያነብ ሰው፦ «ኤን ቲ 6.1» ማለት ዊንዶውስ 7 ነው፤ «ኤን ቲ 10.0» ግን ዊንዶውስ 10ም 11ም ሊሆን ይችላል።

የአረርቲው ፈጥኖ ተፈታ። ስክሪኑ 1366 ፒክሰል ነው፤ የፒክሰል ምጣኔው 1.25፣ ማለትም ዙሙ 125 በመቶ። 1366 ለ1.25 ሲካፈል 1093 ይመጣል፣ ገጹ ደግሞ ከ1100 በታች ሲሆን የስልክ መልኩን እንዲይዝ ተጽፏል። ኮንትሮልና ዜሮ ሲጫኑ ዙሙ ወደ 100 ተመለሰ፣ ገጹም ተስተካከለ። ያም ሆኖ ዙም ያደረገችውን ሠራተኛ «አታድርጊ» ማለት አይገባም። ሰው ፊደል የሚያሳድገው ማንበብ ስለሚቸግረው ነው። ማነስ ያለበት 1100 የሚለው ድንበር ነው፤ አራት ዓምድ ላለው ሠንጠረዥ 600 ይበቃል።

መሐል ሜዳ ላይ ያለው ዊንዶውስ 7 ሲሆን ክሮሙ 109 ነው። ይህ ቨርዥን የወጣው በጃንዋሪ 2023 ነው፤ ጉግል ለዊንዶውስ 7 ያወጣው የመጨረሻውም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ክሮም እዚያ ኮምፒዩተር ላይ አያድግም፤ «አፕዴት አድርጉ» የሚለው ምክር ዊንዶውሱን ወይም ማሽኑን ካልቀየሩ በቀር ባዶ ነው። በየወረዳው ቢሮ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ጥቂት አይደለም።

ሠንጠረዡ የተሠራው በግሪድ ነበር፤ ይህ ገጽን በዓምድና በረድፍ የሚከፍል የሲኤስኤስ (የገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ስልት ነው። ሁሉንም ረድፎች የያዘው ትልቁ ሣጥን አራት ዓምድ ያውጃል፤ እያንዳንዱ ረድፍ ደግሞ የራሱን ዓምድ ሳያውጅ በግሪድ-ቴምፕሌት-ኮለምንስ ላይ «ሰብግሪድ» ብሎ የእናቱን ዓምዶች ይወርሳል። ሰብግሪድ ፋየርፎክስ ላይ የገባው በ71፣ ሳፋሪ ላይ በ16፣ ክሮም ላይ ግን ዘግይቶ በ117 በ2023 ነው። ክሮም 109 «ሰብግሪድ» የሚለውን ዋጋ አያውቀውም፤ ሲኤስኤስ ደግሞ የማያውቀውን መስመር ስህተት ሳያሳይ ይጥለዋል። መስመሩ ሲወድቅ ረድፉ ግሪድ መሆኑ ይቀጥላል፣ ዓምድ ግን አይኖረውም። ዓምድ ያልተነገረው ግሪድ በውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ ወደ ታች ይደረድራል። የርእስ ረድፉም እንዲሁ ተደርድሮ ከላይ ይቀራል፣ ሳጥኖቹም ከስማቸው ይለያያሉ። ጋሼ ያዩት ይህንን ነው።

ይህን በዓይን ለማረጋገጥ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ኤፍ 12 ተጭኖ የብራውዘሩ መመርመሪያ ይከፈትና ረድፉ ይመረጣል። «ስታይልስ» በሚለው ክፍል ያልታወቀው መስመር ተሰርዞ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይዞ ይታያል። ይህች ቢጫ ምልክት ለብዙ ሰዓት ግምት መድኃኒት ናት፤ መጀመሪያ መፈለግ ያለባት እሷ ናት።

የሸዋ ሮቢቱ ነገር ይበልጥ አሳሳች ነበር። እዚያም ዊንዶውስ 7 ነው፤ በእሱ ላይ የሚሠራው የመጨረሻው የፋየርፎክስ መስመር 115 ነው። ፋየርፎክስ 115 ሰብግሪድን ያውቃል፣ ዓምዶቹ ቦታቸውን የያዙትም ለዚህ ነው። የማያውቀው ሌላ ነገር ነው፦ አንዱን ደንብ በሌላው ደንብ ቅንፍ ውስጥ የመጻፍን ስልት፣ ኔስቲንግ የሚባለውን። ይህ ክሮም ላይ በ112፣ ፋየርፎክስ ላይ በ117 ነው የገባው። ስለዚህ ለሴሎቹ ድንበርና ውስጣዊ ክፍተት የሚሰጡት ደንቦች፣ በረድፉ ደንብ ውስጥ ስለተጻፉ፣ በሙሉ ወደቁ። ክሮም 109 ላይም ወድቀዋል፤ እዚያ ግን የሰብግሪዱ ብልሽት ስለሚብስ ማንም አላስተዋለውም።

እዚህ ላይ ብዙ ልምድ ያለውን ሰው እንኳ የሚያታልል አንድ ነገር አለ። አሮጌ ብራውዘር ያልገባው ነገር ሲገጥመው የሚጥለው እስከሚቀጥለው ድርብ ሰረዝ ማለትም እስከ ሴሚኮለን ድረስ ነው። የውስጠኛው ደንብ በቅንፍ ተዘግቶ ያበቃል፣ ከቅንፉ በኋላ ሴሚኮለን የለም። ስለዚህ ከቅንፉ ቀጥሎ የተጻፈው መስመር፣ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት፣ አብሮ ይጣላል። በዚህ ገጽ ላይ የተዋጠው ይዘቱን ከላይና ከታች መሀል የሚያደርገው አላይን-አይተምስ ነበር። ዴቨሎፐሩ «ይሄ መስመር ድሮም ያለ ነው፣ ፋየርፎክስ ለምን አይቀበለውም?» ብሎ ያችን መስመር ሲመረምር ብዙ ደከመ። አንድ የታወቀ መስመር ያለ ምክንያት ሲጠፋ መታየት ያለበት መስመሩ ሳይሆን ከሱ በላይ ያለው ነው።

የዓለም ከተማው ኦፔራ ሚኒ በሦስተኛ ምክንያት ነው የተለየው። በከፍተኛው የዳታ ቁጠባ ስልቱ ገጹ ስልኩ ላይ አይዘጋጅም፤ የኦፔራ ሰርቨር ላይ ተዘጋጅቶ፣ ተጨምቆ ይላካል። ያ ሰርቨር ግሪድን አያውቅም፣ ከገጹ ጋር የሚላክ ፊደልም አይጭንም፣ ጃቫስክሪፕትም ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው የሚያስኬደው። ዳታ ውድ በሆነበት አገር ሰው ይህን ስልት መምረጡ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ገጹ በዚያም መነበብ አለበት።

ምክንያቱ እንደታወቀ፣ ኮዱ ከመነካቱ በፊት የተላከውን መረጃ ማጣራት ይቀድም ነበር። የሰርቨሩ መዝገብ በእያንዳንዱ ጥያቄ የብራውዘሩን መለያ ጽሑፍ ይይዛል። ከመዝገቡ ክሮም 109፣ የሱ አቻ የሆነው ኤጅ 109 እና ኦፔራ ሚኒ ተለይተው ወጡ፤ በነሱ የተላኩት ቀበሌዎች በሙሉ በስልክ እንደገና ተረጋገጡ። በፋየርፎክስ 115 የተላኩት ርእሳቸው ከቦታው ስላልተነሣ አላስፈለጋቸውም።

ዴቨሎፐሩ ችግሩን ቀድሞ ያላየበት ምክንያትም መነገር አለበት። ፈትሾ ነበር፤ በክሮም፣ በኤጅና በክሮሙ የስልክ ማሳያ። ሦስቱም ግን ገጽን የሚያዘጋጀው ሞተራቸው አንድ ነው። ኤጅ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የክሮም መሠረት በሆነው በክሮሚየም ላይ የቆመ ነው፤ የስልክ ማሳያው ደግሞ የሚቀይረው ስፋቱንና መለያ ጽሑፉን እንጂ ሞተሩን አይደለም። ለእንዲህ ያለ ቢሮ ከሁሉ የሚሻለው ከዕቃ ቤት አንድ ዊንዶውስ 7 ያለበት ኮምፒዩተር አውጥቶ ክሮም 109 እና ፋየርፎክስ 115 ጭኖ ጠረጴዛ ላይ ማቆም ነው።

ማስተካከያው ከሠንጠረዡ ጀመረ። መረጃው የሠንጠረዥ መረጃ ነውና በገጹ መጻፊያ ቋንቋ በኤችቲኤምኤል ባለው እውነተኛ ቴብል ተጻፈ። ስፋቱ 100 በመቶ፣ ቴብል-ሌይአውቱ «ፊክስድ»፣ የአራቱ ዓምዶች ስፋት 34፣ 26፣ 20 እና 20 በመቶ። «ፊክስድ» የሚሠራው ለሠንጠረዡ ስፋት ከተሰጠው ብቻ ነው፤ ይህ ሲረሳ ዓምዶቹ እንደ ይዘታቸው ይወጠራሉ። ዋናው ለውጥ ግን በእያንዳንዱ ሳጥን አጠገብ «ዩሪያ፣ በኩንታል» የሚል የራሱ ሌብል መግባቱ ነው። ሌብሉ በሰፊ ስክሪን ላይ ብቻ በሲኤስኤስ ይደበቃል፤ ሲኤስኤሱ ባይደርስ ወይም ቢወድቅ ስሙ ይታያል። ፈተናውም ቀላል ነው፦ በፋየርፎክስ ኦልት ተጭኖ «ቪው»፣ «ፔጅ ስታይል»፣ «ኖ ስታይል» ይመረጥና ቅጹ በዚያ መልኩ ያለ ስህተት ሊሞላ ይችል እንደሆነ ይታያል። ካልተቻለ ገጹ አላለቀም።

ኔስቲንጉን በእጅ መፍታት አላስፈለገም። አዲስ ሲኤስኤስን ለአሮጌ ብራውዘር በሚቀይረው መሣሪያ፣ በፖስት ሲኤስኤስ ላይ፣ ክሮም 109 እና ፋየርፎክስ 115 ዝቅተኛ ቨርዥን ተብለው ተጻፉ፣ መሣሪያው ደንቦቹን ዘርግቶ አወጣ። ሰብግሪድን ግን ማንም መሣሪያ ለአሮጌ ብራውዘር ሊፈጥርለት አይችልም። የግድ ከተፈለገ መጀመሪያ ያለሱ የሚሠራ ደንብ ይጻፋል፣ ከዚያ ብራውዘሩ አንድን ነገር ያውቅ እንደሆነ በሚጠይቀው በ«ሰፖርትስ» ቅንፍ ውስጥ ሰብግሪዱ ይጨመራል። በፍሌክስ (ነገሮችን በአንድ መስመር በሚደረድረው ስልት) ክፍተት በሚሰጠው «ጋፕ» ላይ ግን ይህ ዘዴ ያሳስታል፦ የግሪድ ጋፕን ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ብራውዘርም «አውቃለሁ» ብሎ ይመልሳል። የፍሌክስ ጋፕ ክሮም ላይ ከ84፣ ሳፋሪ ላይ ከ14.1 በፊት የለም፤ ከዚያ በታች ላሉት ማርጂን (የውጭ ክፍተት) ነው የሚያዋጣው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም በዊንዶውስ 7 እና በዊንዶውስ 10 ላይ የረድፎቹ ቁመት አልገጠመም። ይህ ከብራውዘር ጋር አይገናኝም፣ የፊደል ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 7 ግእዝን በኒያላ፣ ዊንዶውስ 10 በኤብሪማ፣ አንድሮይድ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ማክ በኬፋ ያሳያሉ። በአንድ ዓይነት 16 ፒክሰል ኒያላ አነስ ብሎ ይታያል። የመስመር ቁመት ካልተወሰነ ደግሞ ብራውዘሩ ከፊደሉ ይወስደዋል። ስለዚህ የኖቶ ፋይል ለድረ ገጽ በሚጨመቅበት በዎፍ 2 መልክ ከራሱ ከዩኒየኑ ሰርቨር እንዲጫን ተደረገ፣ የመስመር ቁመቱም 1.6 ተብሎ ተጻፈ። ሳጥኖችና ቁልፎች የገጹን ፊደል በራሳቸው ስለማይወርሱ «ፎንት» «ኢንሄሪት» እንዲሆን ለብቻ ሊነገራቸው ይገባል። ለሙከራም «ቀወት» የሚል አጭር ስም ብቻ ማስገባት አይበቃም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ «ሀገረ ማርያምና ከሰም» አለ፣ «አንጾኪያና ገምዛ» አለ፤ ዓምዱ የሚፈተነው በነሱ ነው።

አዲሱ ገጽ ሲጫን አሮጌው ሲኤስኤስ በየኮምፒዩተሩ ካሽ (ብራውዘሩ ፋይል በሚያቆይበት ቦታ) ውስጥ ቀርቶ፣ አዲሱ ኤችቲኤምኤል ከአሮጌው ሲኤስኤስ ጋር ተደባልቆ አዲስ ዓይነት ብልሽት እንዳያመጣ የሲኤስኤሱ ፋይል ስም ከነቨርዥን ቁጥሩ ተቀየረ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር ጫኑ እያሉ ለየወረዳው መደወል አንድ ቀን ይሠራ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ለውጥ ግን ያው ጥሪ ይደገማል። ስሙ ሲቀየር ብራውዘሩ አዲሱን ፋይል ሳይነገረው ያመጣል።