ገመዱ ስንት ሜትር ነው?

ለሥራ አምስት ቀን ወደማላውቃት ከተማ ሄድኩ። ሻንጣዬ ውስጥ፣ ከሸሚዞቼ ስር፣ ሃርነሴን (ገመዱ የሚታሰርበትን የወገብና የጭን ቀበቶ)፣ የአለት መውጫ ጫማዬንና ሄልሜቴን ሸጉጫለሁ። ገመድ ግን አልያዝኩም፤ ይከብዳል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ጥሩ አለት እንዳለ ሰምቻለሁ። አብሮኝ የሚወጣ ሰው ግን አላውቅም።

የመጀመሪያውን ምሽት የሄድኩት ወደ አለቱ ሳይሆን የመውጫ ግድግዳ ወዳለበት አዳራሽ ነው። አዲስ ከተማ ስገባ ሁሌም እንዲህ አደርጋለሁ። ዋናው ጉዳዬ ሰው ማየት ነው። ከታች ገመድ የሚይዝልኝ ሰው ነፍሴን ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከማናገሬ በፊት እጁን አያለሁ። ገመዱ ወገቡ ላይ ባለ መያዣ መሣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ከመሣሪያው በታች ያለውን ገመድ የጨበጠው እጅ የፍሬን እጅ ነው። ያ እጅ ለአንድ አፍታም መልቀቅ የለበትም። ዓይኑንም አያለሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰው ይከተላል ወይስ ከጎኑ ካለው ጋር ወሬ ይዟል?

አንድ ረጋ ያለ ሰው ቀልቤን ሳበው። ገመድ ሲለቅም ሲስብም እጁ ከፍሬኑ አይነሳም። ጠጋ ብዬ እንግዳ መሆኔን ነገርኩት። ተራ በተራ ወጣን። እሱም እኔን ሲያጠና እንደነበር ቆይቶ ገባኝ። ደስ አለኝ። ማንነቴን ሳያይ እሺ የሚለኝን ሰው አላምነውም።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ግን ሰማዩ ጥርት ብሏል። አብረን ወደ አለቱ ልንሄድ ተሰናድቼ ሳለ ስልኬ ጠራ፤ ያ ሰው ነው። «ዛሬ አይሆንም» አለኝ። አለቱ የአሸዋ ድንጋይ ነው። የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይደክማል፤ ትናንት የቻለህ ጉጥ ዛሬ እጅህ ላይ ይገነጠላል። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እሱ የሚያየው ከአለቱ ግርጌ ያለውን አፈር ነው። ትንሽ ጫር አድርጎ እርጥብ ሆኖ ካገኘው ይመለሳል። ከአምስት ቀኔ ሁለቱ እንዲሁ አለፉ። ቅር ብሎኛል፤ አልዋሽም። ግን ልክ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሄድን። ከመውጣቴ በፊት ለሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ የት እንደምሄድና መቼ እንደምመለስ ነገርኩ። የአገሩን የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥርም ያዝኩ።

የአካባቢው መምሪያ መጽሐፍ አለቱ ላይ ያሉት የመውጫ መንገዶች ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ በፈረንሳይ የደረጃ አቆጣጠር ነው የሚሰጠው። እኔ የለመድኩት የአሜሪካውን ነው። 6ኤ የሚለው ከ5.10ኤ ጋር ይቀራረባል። ቢሆንም ቁጥር በየቦታው ይለያያል። ከአቅሜ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ ጀመርኩ። ከድንጋዩ ጋር መተዋወቅ ነበረብኝ።

ከዚያ አንድ የሚያምር መንገድ አሳየኝ። ቀጥ ያለ፣ ወርቅማ፣ ከታች እስከ ላይ አንድ ረጅም ስንጥቅ ያለው። መጽሐፉ 35 ሜትር ይላል። እሱ ገመዱን ይዘረጋል፤ እኔ ጫማዬን አስራለሁ። አንድ ጥያቄ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ይሉኝታ ያዘኝ። ቦታው የእሱ ነው፣ ገመዱ የእሱ ነው፣ ቀኑን ለእኔ ብሎ ሰጥቷል። እንደ ተጠራጣሪ ሊያየኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እንደምንም ጠየቅኩ።

«ገመዱ ስንት ሜትር ነው?»

«ሰባ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ መዘርጋቱን ቀጠለ። ከዚያ እጁ ቆመ። «ቆይ… ያለቀውን ጫፍ ቆርጬዋለሁ።» ስንት? ስድስት፣ ሰባት ሜትር።

ሁለታችንም ዝም አልን። ሒሳቡ ቀላል ነው። ገመዱ ከእሱ ተነስቶ፣ ላይ ባለው ማሰሪያ ዞሮ፣ ወደ እኔ ስለሚመለስ 35 ሜትር ወጥቶ ለመውረድ 70 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል። በ63 ሜትር ብወርድ፣ መሬት ሊደርስ 7 ሜትር ያህል ሲቀረኝ የገመዱ ጫፍ ከመያዣው ሾልኮ ይወጣል። ከሁለት ፎቅ በላይ ነው። ገመዱ መሃል ላይ ያለው ምልክትም ከእንግዲህ መሃሉን አያሳይም፤ የተቆረጠው አንዱ ጫፍ ብቻ ነዋ። ይህ ሰው ግዴለሽ አይደለም። በዝናቡ ያስቀረኝ እሱ ነው። ለለመደው ሰው ግን ገመዱ አሁንም ሰባ ነው። የሚጠይቅ እንግዳ ያስፈልግ ነበር።

25 ሜትር ወደሆነ ሌላ መንገድ ዞርን። እሱም የገመዱን ጫፍ ቋጠረ። ያ ቋጠሮ መያዣው ላይ ደርሶ ይቆማል፤ አያልፍም።

ከዚያ ተፈታተሽን። እሱ የእኔን ስምንት ቁጥር ቋጠሮና የሃርነስ ዘለበት በጣቱ ነካ፤ እኔ የእሱን መያዣና ካራቢነር (መያዣውን ከሃርነሱ ጋር የሚያገናኘውን የብረት ቀለበት)። ይህን ባደረግኩ ቁጥር አሜሪካዊቷ ዝነኛ አለት ወጪ ሊን ሂል ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረንሳይ ውስጥ ቋጠሮዋን ሳትጨርስ ወጣች። ጫፍ ደርሳ ገመዱ ላይ ስትደገፍ ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች። የዛፍ ቅርንጫፎች አተረፏት። ከአራት ዓመት በኋላ ኤል ካፒታን በተባለው የካሊፎርኒያ ግዙፍ አለት ላይ ያለውን «ኖዝ» የተባለ መንገድ፣ ገመዱን ለመውደቂያ ብቻ ይዛ፣ በእጅና በእግሯ ብቻ በመውጣት ከሰው ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። እሷ ከረሳች እኔ ማን ነኝ?

አንድ ነገር ቀረን። «ላይ ስደርስ አንተ ነህ የምታወርደኝ። እኔ ራሴ በገመዱ አልወርድም። ስለዚህ ምንም ብትሰማ አትልቀቀኝ» አልኩት። ከታች ያለው ሰው «ራሱ ሊወርድ ነው» ብሎ ገመዱን ከመያዣው በማውጣቱ የሞቱ አሉ። ቋንቋችን ደግሞ አንድ አይደለም። በሦስት አጫጭር ቃላት ተስማማን፤ ደጋግመንም ተለማመድናቸው።

ላይ ስደርስ ነፋሱ በርትቶ ነበር። ጮህኩ። መልሱ በደንብ አልተሰማኝም። ቢሆንም ገመዱ ጠበቅ ሲል ወገቤ ላይ ተሰማኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አንጋጦ ያየኛል፣ እጁ ፍሬኑ ላይ ነው። ቀስ ብዬ ተደገፍኩ።

ማምሻውን ገመዱን እየጠቀለልን ሳለ ከቦርሳው ነጭ ፕላስተር አወጣ። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ዞር አድርጎ ለጠፈ። ከዚያ ገመዱን በክንዱ እየለካ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ፣ እስከ መጨረሻው ሄደ። እስክሪብቶ ተቀብሎኝ ፕላስተሩ ላይ 63 ብሎ ጻፈ።