ሐጂ ያሉኝ ነገር

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። የድሬዳዋ ዛፍን ከዘር የማፈላው እኔ ነኝ። ዘሩ ድንጋይ ነው። ጫፉን በሞረድ ፋቅ አድርገህ ሙቅ ውሃ ውስጥ ካላሳደርከው ለወራት ዝም ይልሃል።

ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ሐጂ ከደሴ መጡ። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ነግደዋል። ያ ቀይ አበባ ከዓይናቸው አልጠፋም። ደጃፋቸው ላይ ሊተክሉት ፈለጉ።

«ሐጂ፣ የደሴን ብርድ አይችለውም» አልኳቸው። «ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። እኛ 1,850 ሜትር ግድም ላይ ነን፣ ደሴ ግን 2,500 ይጠጋል። ኅዳር ላይ ውርጭ ይመታዋል።»

«ልጄ፣ እኔስ ከድሬ መጥቼ ችዬው የለ?»

አለቃዬ ከኋላ ገላመጠኝ። ገበያ አትመልስ ማለቱ ነው። ሦስት ችግኝ ሸጥኩላቸው። ፀሐይ በሚያገኝ የድንጋይ አጥር ጥግ ይትከሉት፣ በብርድ ወራት ማታ ማታ ጆንያ ያልብሱት ብዬ ሸኘኋቸው።

ጥር ላይ ተመለሱ። በፌስታል የደረቀ ጫፍ ይዘዋል። እሳት የላሰው ይመስላል። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝግ አደረጉ።

«ነግረኸኛል፣ አልዋሸህም። ብሩን ስትቆጥር ግን አንዴ እንኳ ቀና ብለህ አላየኸኝም።»

ይህቺ ንግግር እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ተናግሬያለሁ። ተናግሬ ግን እጄን ዘረጋሁ። የጆንያው ምክርም ለራሴ ማምለጫ ነበር። በእሳቸው ዕድሜ በውርጭ ሌሊት ወጥቶ ችግኝ የሚያለብስ ማን ነው? ይህን ስሸጥ አውቀው ነበር።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ከዘመዶቼ አጥር ወፍራም የኮርች ቅርንጫፍ ቆርጬ ደሴ ወጣሁ። ኮርች የአገራችን ዛፍ ነው። ደጋውን ለምዶታል። አበባው ቀይ ነው፣ ቅርንጫፉን ብትተክለውም ይጸድቃል። ሐጂ ገርመም አድርገው አዩት።

«ኮርችማ የገጠር አጥር ነው።»

ቢሆንም ጉድጓዱን ስመልስ ቅርንጫፉን ቀጥ አድርገው ያዙልኝ። ሊከፍሉኝ ኪሳቸው ገቡ። እምቢ አልኩ። ያን ቀን ዓይናቸውን እያየሁ ነበር የማወራው።

ኮርቹ ጸድቋል። ሐጂ ግን አሁንም ክረምት ሲገባ ይደውላሉ።

«ያ የድሬው አለ?»

«አለ፣ ሐጂ። ለእርስዎ ግን አልሸጥም።»