«አልቋል» የሚለውን ሳሳድድ

አንድ ሰው ቀደም ብሎ «ጣሳውን ገልብጠህ ቂጡን እይ» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ማንም አላለኝም። የሚነግሩኝ ሁሉ የትኛው የፒፓ ትምባሆ ብርቅ እንደሆነ፣ የየትኛው ጣሳ ዋጋ እንደተሰቀለ ብቻ ነበር። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ገባሁበት።

ነገሩ የጀመረው ፔንዛንስ በሚባል የፒፓ ትምባሆ ቅይጥ ነው። ፔንዛንስ በኢሶቴሪካ ስም ይሸጣል፤ የሚያዘጋጀው በጀርሲ ደሴት ያለው ጀርሜይን የሚባለው አነስተኛ ፋብሪካ ነው። ቨርጂኒያ የሚባለው የትምባሆ ዓይነትና የምሥራቅ ቅጠል፣ በእንጨት ጭስ ከታጠነው ላታኪያ ከሚባል ቅጠል ጋር ተቀይጦ፣ ተጭኖ ይቆረጣል። መሠራቱ አልቆመም። ግን ለገበያ የሚደርሰው ጥቂት ነው፣ የሱቅ ዋጋው ደግሞ ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ ከምታገኟቸው ቅይጦች ብዙም አይርቅም። መዘዙ ያለው እዚህ ጋ ነው። ፈላጊው በዝቶ ዋጋው ካልተነካ፣ ልዩነቱ በሌላ በኩል መከፈሉ አይቀርም። እኔ በእንቅልፍ ከፈልኩት።

ሱቆቹ ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ፣ አድራሻ መሙላት፣ «ሲመጣ አሳውቁኝ» የሚለውን መጫን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ማሳወቂያው ግን ሌሊት ይመጣል። ስልኩን ከትራስ ሥር አውጥቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የካርዴን ቁጥር እየጻፍኩ ሳለ «አልቋል» ይለኛል። ሦስት ጊዜ! በሦስተኛው እልህ ያዘኝ። ገና ያልቀመስኩትን ነገር ነው እንዲህ የናፈቅኩት።

ሱቆቹ ለሁሉም እንዲዳረስ «ለአንድ ደንበኛ ሁለት ብቻ» ይላሉ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ እኔ ግን አላምንበትም። አንድ ልቀምስ የመጣሁ ሰው «ሁለት ብቻ» የሚለውን ሳነብ ሁለት ካልወሰድኩ የተበላሁ ይመስለኛል። ገደቡ ራሱ ማስታወቂያ ነው። ከዚያ ይልቅ ዋጋውን ከፍ ቢያደርጉት ይሻላል ባይ ነኝ፤ ይህን ስል የሚቆጡኝ ብዙ ናቸው። ቢያንስ ትርፉ ለደከመበት ሰው ይደርስ ነበር። አሁን የሚደርሰው ሌሊት ከእኔ ቀድሞ ሁለት ወስዶ ጠዋት በሦስት እጥፍ ለሚያወጣው ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 2018 መጣ። የካንሳስ ሲቲው የፒፓ ትምባሆ አምራች ማክሌላንድ የሚፈልገው ደረጃ ያለው የቨርጂኒያ ቅጠል ማግኘት አስቸግሮት ተዘጋ። የደንሂል የፒፓ ትምባሆም ከገበያ ወጣ። ትናንት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ጣሳ ሁሉ ተሻሚ በዛበት። እኔም፣ ናይትካፕ ከተባለው የደንሂል ቅይጥ በወር አንድ ጣሳ የማልጨርሰው ሰውዬ፣ በእጥፍ ዋጋ ስምንት ጣሳ ገዛሁ። በ2019 እ.ኤ.አ. ያው ናይትካፕ የፒፓ ሠሪውን የፒተርሰንን ስም ይዞ በመደበኛ ዋጋ ተመለሰ። የቅይጥ አሠራር ከስሙ ጋር አብሮ እንደማይቀበር ያወቅኩት ስምንቱን ጣሳ ከደረደርኩ በኋላ ነው።

እሱስ እንደ ቀልድ አለፈ። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ የጨረታው ነው።

በዚያው ሰሞን ከተቋረጡት ቅይጦች የአንዱን፣ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ያልተከፈተ ጣሳ፣ አንድ ሻጭ ለጨረታ አወጣ። ከዚህ በላይ አልሄድም ብዬ ለራሴ ጣሪያ አበጀሁ። አንድ ሰው በለጠኝ። ጨመርኩ። አሁንም በለጠኝ። በመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች ትምባሆውን ጭራሽ ረስቼዋለሁ፤ የያዝኩት ከማላውቀው ሰው ጋር ግብግብ ነበር። አሸነፍኩ ይባላል። የከፈልኩት ጣሳው ሱቅ በነበረበት ጊዜ ያወጣ ከነበረው ሰባት እጥፍ ነው፤ ማጓጓዣው ሳይቆጠር።

ፎቶው አንድ ብቻ ነበር። ክዳኑ፣ ከላይ የተነሳ፣ የሚያብረቀርቅ። የቂጡን ፎቶ ላክልኝ አላልኩም። ማንም አልከለከለኝም፤ ብዙ ከጠየቅኩት ለሌላ ይሸጠዋል ብዬ ፈራሁ እንጂ። ሻጩም የሚሸጠው ይህንኑ ፍርሃት ነበር።

ጣሳው ደረሰ። እጄ ላይ ሲያርፍ ቀለለኝ፣ ነገሬ ሳልለው አለፍኩ። ነቅነቅ ሳደርገው ተንኮሻኮሸ። እርጥበቱን የጠበቀ ትምባሆ እንዲህ አይልም፤ ጣሳው ውስጥ ድብ ድብ ነው የሚለው። ክዳኑን በሳንቲም ጠርዝ ስፈለቅቅ መሰማት የነበረበት «ፍስስ» የሚል ድምፅ አልነበረም። ምንም ሳይታገለኝ ተነሳ። ውስጡ ያለው በጣቶቼ መሃል ዱቄት ሆነ። ገለበጥኩት። ታች ጠርዙ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል የዛገች ነጥብ አለች። ባዶውን ጣሳ ወደ መብራት አዙሬ በውስጥ በኩል ሳይ ብርሃን በእሷ በኩል ይገባል። ስንት ዓመት በዚያች ቀዳዳ ሲተነፍስ እንደኖረ እንጃ።

ለሻጩ ጻፍኩ። የሸጥኩት ለስብስብ የሚሆን ጣሳ እንጂ ትምባሆ አይደለም፣ ስለ ውስጡ ዋስትና አልሰጠሁም አለኝ። ማስታወቂያውን መልሼ ሳነብ እውነትም በደቃቁ ተጽፏል። ለጨረታው ድረ ገጽ ኃላፊዎች አቤት አልኩ። እነሱ ደግሞ በደንባችን ትምባሆ መሸጥ ክልክል ስለሆነ ስለ ትምባሆ የሚቀርብ አቤቱታ አናይም፣ ጣሳው እንደሆነ ደርሶሃል አሉ። ተመካክረው የጻፉት ይመስላል! ኮሚሽናቸውን ሲቆርጡ ግን ትምባሆ ይሁን ጣሳ ግድ አልነበራቸውም። በሦስት ደብዳቤ ከተከራከርኩ በኋላ ተውኩት። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን እኔው ነኝ፤ አንድ ፎቶ መጠየቅ!

ትምባሆውን ከራሰ የሸክላ ቁራጭ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ሦስት ቀን ዘጋሁበት። ለሰለሰ። አጨስኩት። ጭስ ነው፤ የሚያቃጥል፣ ባዶ ጭስ።

በቆየ ቁጥር ይጥማል የሚሏችሁን ሁሉ አትመኑ። ቨርጂኒያ ስኳር ስላለው ታሽጎ ሲቀመጥ ይጠቁራል፣ ይበስላል። የላታኪያ ጠረን ግን ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ላታኪያ ለበዛበት አሮጌ ጣሳ ለዕድሜው ብሎ መጨመር ለእኔ ገንዘብ ማቃጠል ነው። የግድ የምትገዙ ከሆነ የቂጡንና የጠርዙን ፎቶ፣ ሚዛን ላይ ተቀምጦ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። ካመነታ ተዉት፣ ለፈለገው ይሽጠው። እኔ በቀላሉ የሚገኝ ቨርጂኒያ በርከት አድርጌ እገዛና ክዳኑ ጥብቅ በሆነ አፈ ሰፊ ጠርሙስ አሽጌ ቀኑን እጽፍበታለሁ። ቀድሜ ያሸግኩት አምስት ዓመት ሞልቶታል፤ ከፍቼ ሳሸተው በሰባት እጥፍ ከገዛሁት ጋር አላወዳድረውም።

ፔንዛንስስ? ባለፈው ዓመት ሳልጠብቀው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሱቅ ዋጋ አገኘሁት። «ለአንድ ደንበኛ ሁለት ብቻ» ይላል፤ ሁለት ወሰድኩ። አንዱን አጨስኩት፣ ጥሩ ነው። ሁለተኛው እንደታሸገ ነው። ሁለት ጓደኞቼ ሽጥልን ብለውኛል፤ «እስቲ ይቆይ» አልኳቸው።