ዲፈረንሻሌን በማስበየዴ የከፈልኩት ዋጋ

በተደረደሩ የፕላስቲክ ኮኖች መካከል እየተጠማዘዙ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደሙበትን አውቶክሮስ የጀመርኩት በአሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ጎማ ቀየርኩ፣ ፍሬን አሠራሁ፣ ሄልሜት ተዋስኩ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት አለቀ። ወራት የበላብኝ ዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውና ኩርባ ላይ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የጥርስ ስብስብ ነው።

ጠባብ ኩርባ ላይ ክብደቱ በውጪዎቹ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ይቀልና ነዳጅ ስሰጥ ብቻውን ይሽከረከራል። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማዎች እኩል ኃይል ስለሚያከፋፍል፣ የተጫነው ጎማ የሚያገኘው የቀለለው ጎማ መሬት ይዞ መሸከም የቻለውን ያህል ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ስስ አየር ከሞተሩ ጉልበት አንድ አምስተኛ ገደማ አስቀድሞ ስለሚወስድ፣ የተረፈውን በከንቱ ማሽከርከር አንገበገበኝ።

ሶማሌ ተራ አካባቢ ያገኘሁት መካኒክ «የውስጥ ጥርሶቹን እንበይዳቸውና ሁለቱም ጎማዎች አብረው ይዙሩ» አለኝ፤ እኔም ሳልጠይቅ ተስማማሁ። ገና ቴዎድሮስ አደባባይን ስዞር ስህተቴ ታወቀኝ። የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ መሄድ ሲገባው ብየዳው ስለከለከለው፣ ጎማዎቹ አስፋልቱን እየፋቁ ሲጮኹ እግረኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልምምዱ ላይ ባሰ፤ እግሬን ከነዳጁ ሳነሣ የታሰሩት የኋላ ጎማዎች መኪናዋን ቀጥ አድርገው ስለሚገፏት፣ መሪውን ጠምዝዤም ኮኑን ጠርጋ ታልፋለች፤ ነዳጅ ሳበዛ ደግሞ ሁለቱም ጎማዎች በአንድ ጊዜ ስለሚከዱ ኋላዋ ይወረወራል። ከውድድሩ በፊት መኪናዋን የመረመረው ሰው የባትሪውን ማሰሪያ ሦስት ጊዜ ሲነካካ ከሥር አንዴም አለማጎንበሱ ዛሬም ያናድደኛል፤ የበለጠ የምናደደው ግን በራሴ ነው። በአራተኛው ወር አንዱ አክስል፣ ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ፣ ተሰበረ።

ያገለገለ ተራ ዲፈረንሻል ካስገባሁ በኋላ ነው ጥፋቱ የእግሬ እንደነበር የገባኝ። አሠልጣኞች «ኩርባው መሐል ስትደርስ ነዳጅ ስጥ» ይላሉ፤ በተራ ዲፈረንሻል ይህ አይሠራም ባይ ነኝ። መሪው መመለስ እስኪጀምር ድረስ ነዳጁን በጥቂቱ ይዞ መቆየት ይሻላል፤ በድንገት መልቀቅም ክብደቱን ወደ ፊት አምጥቶ ኋላዋን ያስከዳል። ገንዘብ ያለው ሰው አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር በሚፋተጉ ሳህኖች የሚገድበውን፣ ያውም ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚይዘውን ባለሳህን ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል ይግዛ፤ ወደ ኩርባ ሲገባ መኪናዋን አያስቸግራትም። ለእሱ የተሠራውን ዘይት ግን አይቆጥብ፤ በተራ የዲፈረንሻል ዘይት ሳህኖቹ እየተንቀጠቀጡ ይንጫጫሉ።