ሐውልቱ መቆም ያለበት መነሻው ላይ ነው

ሰሞኑን ወደ ሰሜን ሸዋ ወጣ ብዬ ነበር። ደብረ ብርሃን አደርኩ፣ አንኮበርን አየሁ፣ ከዚያ በጣርማ በር አድርጌ ደብረ ሲና ወረድኩ። ይህ ጎዳና ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ ያደርሳል። ስንትና ስንት ወጣት በዚሁ አልፎ፣ ኦቦክ ደርሶ፣ በጀልባ የመን ተሻግሮ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ወጥቷል። እነሱን የሚያስታውስ አንድ ድንጋይ ግን መንገዱ ላይ አላየሁም።

ደብረ ብርሃን ደግሞ ሌላ ስደት አለ። ከወለጋ ተፈናቅለው ቻይና ካምፕ በሚባለው መጠለያና በሌሎችም የገቡ ወገኖች የሀገር ድንበር አልተሻገሩም፤ በገዛ አገራቸው ነው ቤት አልባ የሆኑት።

አንኮበር ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ተቆርጦ ይወርድና ከታች ቆላው ይዘረጋል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ በር ይህ ነበር። ሲራራ ነጋዴ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ጨውና ቡናውን ይለዋወጣል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳም ያለ ንጉሡ ፈቃድ ንቅንቅ አይልም። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ባሪያ ተብለው ወደ ታጁራ የተነዱት ልጆች ቀይ ባሕርን የተሻገሩት፣ ዛሬ የእኛ ልጆች ጀልባ ከሚጠብቁበት ከኦቦክ ብዙም ሳይርቅ ነው። ያኔ በግድ፣ ዛሬ በደላላ።

ተቀባዮቹ አገሮች ግን ሐውልት እየሠሩ ነው። ላምፔዱዛ ደሴት ላይ ጣሊያናዊው ሚሞ ፓላዲኖ እ.ኤ.አ. በ2008 አምስት ሜትር ገደማ ቁመት ያለው በር አቁሟል፣ ባሕሩ ዳር፣ ወደ አፍሪካ አቅጣጫ። ጫማ፣ ኮፍያ፣ ሳህን ተለጥፎበታል። ቫቲካን ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በ2019 የተተከለው የካናዳዊው ቲሞቲ ሽማልዝ ሥራ ደግሞ አንድ ጀልባ ላይ የታጨቁ 140 የነሐስ ሰዎች አሉት።

ሁሉም ግን ደስ አይሉኝም። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 10 ቀን 2007 ሜዲትራኒያን ላይ የሰጠመችው፣ መቶዎች ያለቁባት ጀልባ፣ በኋላ ቬኒስ ተወስዳ የጥበብ ትርዒት ላይ ቆመች። ምንነቷን የሚገልጽ ጽሑፍ እንኳን አጠገቧ አልነበረም፤ ሰው ቡናውን እየጠጣ ያያት ነበር። ይሄ ለእኔ ነውር ነው። ጀልባዋ በሰጠመች ማግስት እኮ ነው፣ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን ሲገድል የሚያሳየው ቪዲዮ ወጥቶ አገር ምድሩ ያለቀሰው።

ከሁሉም አንጀቴን የሚበላው ቀራፂው ብሩኖ ካታላኖ እ.ኤ.አ. በ2013 ማርሴይ ላይ ያቆማቸው ተጓዦች ናቸው። ሻንጣ ያንጠለጠሉ የነሐስ ሰዎች፣ መሃል አካላቸው የሌለ፤ ደረትና ሆዳቸው መሆን በነበረበት ቦታ ከጀርባቸው ያለው ባሕር ይታያል። የጎደለው አካላቸው እዚህ የቀረ ይመስለኛል፣ መንዝ ወይ ሸዋ ሮቢት፣ አንዲት እናት ጓዳ ውስጥ።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ከቆፈረው ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ ጉሙ ለቀቀን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሸጡልኝ እናት፣ ስለ ልጆች ስናወራ፣ ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። ሽፋኑ ውስጥ አንዲት ጉርድ ፎቶ አለች። ጠርዟ በእጅ ብዛት ነጥቷል። ልጁ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ ኮስተር ብሏል፤ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የተነሳው ነው።

«ጅቡቲ ገባሁ ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም» አሉኝ። «ሞተ ብዬ እንዳላለቅስ መርዶ አልመጣ፣ አለ ብዬ እንዳልጠብቅ ጊዜው ረዘመ፣ ልጄ።»

ምን ይባላል? «እግዜር ደግ ያሰማዎት እማማ» ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ።

ሐውልት ዳቦ አይሆንም፣ ሥራ ያጣ ልጅም አያስቀርም የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን እኛ ሬሳ በሌለበትም ልብሱን ዘርግተን፣ ፎቶውን ይዘን ማልቀስ የምናውቅ ሰዎች ነን። መርዶ ያልመጣለት ቤት ነው የተቸገረው፤ ድንኳን አይጥል፣ ተዝካር አያወጣ፣ እድርም አይደርስለት። እኚህ እናት የሚቆሙበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ጣርማ በር ቢሆን ደስ ይለኛል፣ መንገደኛው ወርዶ ቆላውን በሚያይበት ጠርዝ ላይ። ነሐስ የግድ አይደለም፣ የአካባቢው ድንጋይ ይበቃል። ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጀግናም አይሁን። ቁመቱ የሰው ያህል ይሁን፣ እናት ፊቱን በእጇ መዳሰስ እንድትችል። ከወለጋ የመጡትም ቦታ ይኑራቸው። ቤተሰብ የፈቀደው ስም ሁሉ ከነቀበሌው ይጻፍበት፤ የስም መሰብሰቡን ሥራ እድሮች፣ ሰበካ ጉባኤዎችና መስጊዶች ከአሁኑ ሊጀምሩት ይችላሉ፣ የማን ቤት ልጅ እንደጎደለ ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉና።